የመተማ ጦርነት በሲሙሌሽን ሲመዘን

የወታደራዊ ሥርዓት አርክቴክቸር የሚባለው ወታደሩ፣ መሣሪያው፣ የመረጃ ቅብብሉና የዕዙ ሰንሰለት እርስ በርስ የሚያያዙበት አሠራር ሲሆን፣ ዳይናሚክ ሲሙሌሽን ደግሞ ይህ ትስስር በጊዜ ሂደት እንዴት እንደሚለዋወጥ በኮምፒውተር ደጋግሞ የሚፈትን ስልት ነው። የአደረጃጀት ሰንጠረዥ ማን ለማን እንደሚታዘዝ ያሳያል እንጂ፣ አንዱ አገናኝ በውጊያ መካከል ሲበጠስ የሚከተለውን አያሳይም።

ለዚህ መተማ ብርቱ ማስረጃ ናት። መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. የዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ጦር፣ በዘኪ ቱማል የሚመራው የደርቡሽ ሠራዊት የመሸገበትን ዘሪባ፣ ማለትም የእሾህ አጥር ምሽግ፣ ጥሶ ለድል በተቃረበበት ሰዓት ንጉሠ ነገሥቱ በጥይት መቁሰላቸው ሲሰማ ጦሩ ተፈታ፤ እርሳቸውም በማግስቱ ዐረፉ። የጎደለው የወታደሩ ጀግንነት አልነበረም፤ ዕዙ በአንድ ሰው ላይ የተንጠለጠለ ነበር።

እንግሊዛዊው ፍሬድሪክ ላንቸስተር በ1916 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ያቀረበው ቀመር የሁለት ተዋጊ ወገኖችን መመናመን ከብዛታቸውና ከመሣሪያቸው ኃይል አንጻር የሚያሰላ ቢሆንም፣ የመሪ መውደቅ የሚያስከትለውን መበተን ስለማይጨምር ለመተማ ብቻውን አይበቃም። የሚሻለው እያንዳንዱን የጦር አለቃ፣ ወሬው የሚደርስበትን ፍጥነትና የተተኪውን ሥልጣን ለየብቻ የሚወክል ሞዴል ነው፤ በእርሱም መሪው በተለያየ ሰዓት እየቆሰለ፣ ተተኪውም አንዴ አስቀድሞ እየታወቀ አንዴ እየተሰወረ፣ ውጊያው ብዙ ሺህ ጊዜ ይደገማል። የመሪው መውደቅ በዚህ መንገድ ያልተፈተነበት የዕዝ አደረጃጀት ተገምግሟል ሊባል አይገባም።