“ጨጓራዬ ነው” ከማለትዎ በፊት

ሆዳችንን ሲቆርጠንና ሲያቅለሸልሸን ብዙዎቻችን “ጨጓራዬ ተነሣብኝ” ብለን ማስታገሻ እንውጣለን። ይሁን እንጂ መንሥኤው የተበከለ ምግብ፣ ጃርዲያ፣ አሜባ፣ እርግዝና፣ የሐሞት ጠጠር ወይም ትርፍ አንጀት ሊሆን ይችላል። ጨጓራም ቢሆን የሚቆስለው በአብዛኛው ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ በተባለ ባክቴሪያ ወይም እንደ አስፕሪንና ዲክሎፌናክ ባሉ ማስታገሻዎች ነው። ስለዚህ እነዚህን ለሆድ ሕመም አይውሰዱ።

ታዲያ ቤት ውስጥ ምን እናድርግ? ካስታወክዎት 10 ደቂቃ ያህል ቆይተው ፈሳሽ በትንሽ በትንሹ ይጠጡ። ተቅማጥ ካለ ኦ.አር.ኤስ. ይውሰዱ፤ ካጡ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ ሳይከመር የተለካ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ይበጥብጡ። ሲሻልዎ አጥሚት፣ ሩዝ ወይም ቅቅል ድንች ይቅመሱ። ቡና፣ አልኮልና ቅባት ለጊዜው ይተዉ።

ሕመሙ ከእምብርት አካባቢ ተነሥቶ ወደ ቀኝ ታችኛው ሆድ ከወረደ፣ ትውከቱ ደም ካለበት፣ ሰገራው እንደ ሬንጅ ከጠቆረ፣ ሆድ ሲነካ ከጠነከረ ወይም ሕፃን ሽንቱን መሽናት ካቆመ ግን እስኪነጋ አይጠብቁ። የፈነዳ ትርፍ አንጀት ሕይወት ሊያሳጣ ይችላል። በዚያው ሌሊት ሐኪም ቤት ይድረሱ።