ተቆርጦ የሚራባ እንስሳ

ለስላሳ ኮራል ተክል ቢመስልም የባሕር እንስሳ ነው። በቤት ውስጥ የሚያራቡት ሰዎች ከጤናማው ላይ በስለት ቆርጠው፣ ቁራጩን በትንሽ ድንጋይ ላይ በላስቲክ ያስራሉ። ሙቀቱ 25 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ፣ ጨውም በሊትር 35 ግራም ገደማ በሆነ ውኃ ውስጥ በጥቂት ሳምንታት ድንጋዩን ይይዛል።

ጭንቁ ድንበር ላይ ነው። የዱር እንስሳትና ዕፅዋት ንግድን የሚቆጣጠረው የሳይተስ ስምምነት አባል አገሮች በሚያዝያ 1992 ዓ.ም. ናይሮቢ፣ ጊጊሪ ተሰብስበው ነበር። በስምምነቱ መሠረት ድንጋያማ ኮራል፣ ቤት ውስጥ የተራባ ቢሆንም፣ ያለ ፈቃድ ድንበር አይሻገርም። አብዛኞቹ ለስላሳ ኮራሎች ግን ከዝርዝሩ ውጪ ናቸው። ስለዚህ ሒሳብ ከመክፈልዎ በፊት የዝርያውን ሳይንሳዊ ስም በጽሑፍ ይቀበሉ። ስሙ ያልተለየ ኮራል፣ የጤና ወረቀት እንደሌለው ከብት፣ ኬላ ላይ ሊቀር ይችላል።