«አራቱንም እንንቀላቸው» ሲባሉ
ስለ መጨረሻው መንጋጋ ከመፈረምዎ በፊት ሊያውቁት የሚገባ

«ለጥርስ ጽዳት ሄጄ አራት ጥርስ ለመነቀል ቀጠሮ ይዤ ተመለስኩ» የሚል ወገናችን ጥቂት አይደለም። ሐኪሙ ራጁን ያሳየዋል፤ ከወደ ኋላ በጎኑ የተጋደመውን ጥርስ በጣቱ ይጠቁመዋል፤ ቀጥሎ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ወረቀት ይቀርብለትና ይፈርማል። ሐኪም የተናገረውን መልሶ መጠየቅ በእኛ ዘንድ እንደ ድፍረት ስለሚቆጠር አንገቱን ነቅንቆ ይወጣል። በሌላ በኩል ደግሞ ኢንሹራንስ የለኝም ብሎ ፊቱ እስኪያብጥ ድረስ በቅርንፉድና በአስፕሪን የሚሰነብት አለ። አንደኛው ላያስፈልገው ይነቀላል፤ ሁለተኛው የሚያስፈልገውን አሳልፎ ይታመማል።

ለመሆኑ ይህ ጥርስ ምንድነው? ፈረንጆች «የጥበብ ጥርስ» የሚሉት ከሁሉም ኋላ የሚበቅለውን ሦስተኛውን መንጋጋ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ከ17 እስከ 25 ዓመት ባለው ዕድሜ፣ ሰው ልብ ገዛ በሚባልበት ወቅት ስለሚወጣ ነው ስሙን ያገኘው። ከላይ ሁለት፣ ከታች ሁለት፣ በጠቅላላው አራት ናቸው። ጨርሶ የማይበቅልላቸው ሰዎችም አሉ። ችግሩ የቦታ ጥበት ነው። መንገጭላው ሲጠበው ጥርሱ ግማሹ ወጥቶ ግማሹ ድድ ውስጥ ይቀራል፤ ወይም ተጋድሞ የጎረቤቱን ጥርስ ተደግፎ ይቆማል። በግማሽ የወጣውን ጥርስ በሚሸፍነው ድድ ሥር ምግብ ይሸጎጣል፤ ይመረቅዛል፤ አፍ መክፈት እስኪያቅት ድረስ ያሳብጣል።

ታዲያ ይነቀል ወይስ ይቆይ? እዚህ ላይ ሐኪሞቹ ራሳቸው አይስማሙም። በእንግሊዝ አገር የመንግሥቱን ሕክምና የሚመራው ተቋም እ.ኤ.አ. በ2000 ባወጣው መመሪያ፣ ሕመም የሌለበት የመጨረሻ መንጋጋ እንዲያው ለጥንቃቄ ተብሎ እንዳይነቀል ወስኗል። የአሜሪካ የሕዝብ ጤና ማኅበርም እ.ኤ.አ. በ2008 ይህንኑ ልማድ ተቃውሟል። የአሜሪካ የአፍና የመንገጭላ ቀዶ ሐኪሞች ደግሞ በወጣትነት ዘመን የጥርሱ ሥር ገና አላለቀም፣ ቁስሉም ቶሎ ይሽራል፣ ስለዚህ ችግር ያመጣል ተብሎ የሚጠረጠረውን ቀድሞ ማውጣት ይሻላል ይላሉ። የሁለቱም ክርክር ፍሬ አለው። በሠሩት ሥራ ልክ የሚከፈላቸው ሰዎች ሥራውን ሲመክሩ ግን ጥያቄ ማብዛት ነውር አይደለም።

ያለ ብዙ ክርክር መነቀል ያለበት አለ፦ በተደጋጋሚ የሚመረቅዝ፣ ሊሞላ በማይችልበት ሁኔታ የበሰበሰ፣ የጎረቤቱን ጥርስ የሚያበላሽ፣ ዙሪያው ውኃ የቋጠረ ከረጢት ያበቀለ። ከእነዚህ አንዱም ከሌለ አጣዳፊ ነገር የለምና ወረቀቱን ይዘው ወደ ቤት ይሂዱ። ለሌላ ሐኪም ለማሳየት የራጁን ቅጂ መጠየቅ በሕግ የተሰጠዎት መብት ነው። «የፊት ጥርሶችህን ገፍቶ ያጣምማቸዋል» የሚለው ምክንያት ብቻውን ከቀረበልዎት ግን ይጠራጠሩ፤ ጥናቶች ይህን አልደገፉትም። እንዳይነቀል ከተወሰነም ተረሳ ማለት አይደለም። የማያምም ጥርስ ውስጥ ውስጡን ሊበሰብስ ስለሚችል በየጊዜው መታየት አለበት።

የታችኛው መንጋጋ ሥር ለከንፈርና ለአገጭ ስሜት ከሚሰጠው ነርቭ አጠገብ ያርፋል፤ የምላስ ነርቭም ሩቅ አይደለም። በነቀላው ጊዜ ከተነኩ ከንፈር ወይም ምላስ ይደነዝዛል። ብዙውን ጊዜ በሳምንታት ወይም በወራት ይመለሳል፤ አልፎ አልፎ ግን እስከ ዕድሜ ልክ ይቀራል። ዕድሜ ሲገፋም አደጋው ይጨምራል። ስለዚህ ከመፈረምዎ በፊት «ሥሩ ከነርቩ ምን ያህል ይርቃል?» ብለው ይጠይቁ። በጣም ከተጠጋ ሐኪሙ በሁሉም አቅጣጫ የሚያሳየውን ራጅ ሊያዝ ይችላል፤ ወይም የጥርሱን አናት ብቻ ቆርጦ ሥሩን እዚያው የሚተውበት ዘዴ አለ። የላይኛው ጥርስ ሥር ደግሞ ከጉንጭ አጥንት በስተጀርባ ላለው ባዶ ቦታ፣ ሳይነስ ለሚባለው፣ ቅርብ ነው። «የላይ ጥርስ ከተነቀለ ዓይን ይጠፋል» እያሉ አዛውንቶቻችን ያስፈራሩናል፤ ይህ እውነት አይደለም።

የቋንቋው ነገር እንዲህ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። ብዙ ወላጆች የ10 ዓመት ልጃቸውን አስተርጓሚ አድርገው ይሄዳሉ። ልጁ «ነርቭ» የሚለውን ቃል በእንግሊዝኛም ሆነ በአማርኛ አያውቀው ይሆናል። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1964 በወጣው የሲቪል መብቶች ሕግ መሠረት የፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል የሕክምና ቦታ፣ ሜዲኬይድ የሚቀበለው ጭምር፣ አስተርጓሚ በነፃ ማቅረብ አለበት። ቀጠሮ ሲይዙ አስቀድመው «የአማርኛ አስተርጓሚ እፈልጋለሁ» ይበሉ፤ በስልክ የሚያስተረጉምም ይበቃል።

ስለ ገንዘቡም እንነጋገር። በአንድ ጥርስ በመቶዎች የሚቆጠር ዶላር ሊጠየቁ ይችላሉ። ምርመራው፣ ራጁና ማስተኛ መድኃኒቱ ለየብቻ ስለሚታሰቡ ዝርዝሩን በጽሑፍ ያስወጡ። ሜሪላንድ እ.ኤ.አ. ከ2023፣ ቨርጂኒያ ደግሞ ከ2021 ጀምሮ የአዋቂዎችን ጥርስ ሕክምና በሜዲኬይድ ውስጥ አስገብተዋል። ለስደተኞች የሚፈቀድበት ደንብ ስለሚለዋወጥ ግን ከመሄድዎ በፊት ይጠይቁ። ምንም ለሌለው ሰው የጥርስ ትምህርት ቤቶች አሉ። በዋሽንግተን የሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ፣ በባልቲሞር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1840 የተመሠረተውና በዓለም የመጀመሪያው የሆነው የሜሪላንድ የጥርስ ትምህርት ቤት ይገኛሉ። ተማሪዎቹ በመምህራን ቁጥጥር ሥር ይሠራሉ፤ ጊዜ ይወስዳል፤ ዋጋው ግን አብዛኛውን ጊዜ ይቀንሳል። ማዘግየቱ ምን እንደሚያስከፍል እ.ኤ.አ. በ2007 በሜሪላንድ ታይቷል። አንድ የ12 ዓመት ልጅ በጊዜው ባልተነቀለ ጥርስ የተነሳው መግል ወደ አንጎሉ ገብቶ ሕይወቱ አልፏል። የመጨረሻው መንጋጋ አልነበረም፤ መግል ግን የጥርስ ዓይነት አይመርጥም።

በሐኪሙ ፊት የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ ይዘርዝሩ፤ ከአገር ቤት የመጣውን ጭምር። ስኳር፣ ደም ግፊት፣ እርግዝና ካለ ይናገሩ። እንደ ዋርፋሪን ያለ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ ሰው በራሱ ፈቃድ ማቋረጥ የለበትም፤ ሐኪሞቹ ተነጋግረው ይወስኑ። በደንዝዝ መርፌ ብቻ የሚሠራ ከሆነ ምግብ በልቶ መሄድ አብዛኛውን ጊዜ ይፈቀዳል። በደም ሥር በሚሰጥ ማስተኛ ከሆነ ግን በታዘዘው ሰዓት ከምግብና ከመጠጥ መከልከል ግዴታ ነው፤ የሚመልስ ሰውም ያስፈልጋል። ታክሲ ነጂ ወገኖቻችን ይህን ልብ ይበሉ። ጠዋት ተነቅሎ ማታ መሪ መያዝ የለም፤ የአንድ ቀን ገቢ የሰው ሕይወት አያክልም።

ከነቀላው በኋላ ትልቁ ጉዳይ በጉድጓዱ ውስጥ የሚረጋው ደም ነው። ያ የረጋ ደም ለአጥንቱ ክዳን ነው፤ ከተነቀለ አጥንቱ ራቁቱን ይቀራል። በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ሕመሙ መቀነስ ሲገባው ወደ ጆሮ እየወጣ ከጠዘጠዘ፣ መጥፎ ሽታም ከመጣ፣ «ደረቅ ጉድጓድ» የሚሉት ነገር ነው። ሐኪሙ አጥቦ መድኃኒት ያሽግበታል፤ በብዙ ቦታ የሚያሽጉት መድኃኒት ከቅርንፉድ በወጣ ዘይት የተሠራ ነው። እናቶቻችን ቅርንፉዱን አላጡትም ነበር ማለት ነው! አስፕሪኑን ድድ ላይ ማስቀመጥ ግን ሥጋውን ያቃጥላል፤ አረቄውም እንዲሁ።

ስለዚህ የተሰጠዎትን ጎዝ ግማሽ ሰዓት ያህል አጥብቀው ይንከሱ። በመጀመሪያው ቀን አይጉመጥመጡ፤ አይትፉ፤ በስትሮ አይጠጡ። ሲጋራ ቢቻል ለሳምንት ይቅር፤ ጫትም እንዲሁ። በማግሥቱ ለብ ባለ የጨው ውኃ በቀስታ ማጠብ ይጀመራል። እብጠቱ በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ቢብስ አይደንግጡ፣ የተለመደ ነው። በመጀመሪያው ቀን በውጪ በኩል በረዶ ይያዝበት። ምግቡ ለብ ያለ አጥሚት፣ እርጎ፣ በርበሬ የሌለው ቀጭን ሽሮ ይሁን፤ ቡናውም ይቀዝቅዝ። ቆሎና ዳቦ ቆሎ ይቆዩ። ጾም ላይ ከሆኑ ቀጠሮውን ማሸጋገር ወይም ከሃይማኖት አባትዎ ጋር መነጋገር ይቻላል። ፍላጂል ከታዘዘ ጠላም ሆነ ቢራ አይቅመሱ።

የሕመም ማስታገሻውን በተመለከተ ሃይድሮኮዶንና ኦክሲኮዶን የሚባሉት ክኒኖች በዚህ አገር ስንቱን ወጣት በሱስ እንደያዙ ይታወቃል። አይቡፕሮፌንና ታይለኖል አንድ ላይ ሲወሰዱ ለዚህ ሕመም ከእነዚያ እንደማያንሱ፣ እንዲያውም እንደሚበልጡ ጥናቶች አሳይተዋል። ለልጅዎ ጠንካራው ከታዘዘ «ያለ እሱ አይሆንም ወይ?» ብለው ይጠይቁ። ጨጓራ ወይም ኩላሊት የሚያመው ሰው ግን አይቡፕሮፌን ሳይጠይቅ አይጀምር። በእኛ ሰው ዘንድ ጨጓራ የሌለበት ቤት ማግኘት ይቸግራልና።

ትኩሳት ከመጣ፣ ደሙ ተነክሶም ካልቆመ፣ ወይም ድንዛዜው በማግሥቱ ካልለቀቀ ለነቀለው ሐኪም በዕለቱ ይደውሉ። እብጠቱ ከአገጭ በታች ወደ አንገት ከወረደ፣ መዋጥ ወይም መተንፈስ ካስቸገረ ግን ቀጠሮ አይጠበቅም፤ 911 ነው። እ.ኤ.አ. በ1986 የወጣው ሕግ የድንገተኛ ክፍሎች ገንዘብ ቢኖርዎትም ባይኖርዎትም እንዲመረምሩዎትና ከአደጋው እንዲያወጡዎት ያስገድዳል። ሂሳቡ በኋላ በፖስታ ይመጣል፤ በዚያ ላይ መደራደር ይቻላል። እንግሊዝኛው ቢጠፋብዎት «አምሃሪክ» የምትለዋን አንዲት ቃል ይበሉና ስልኩን ሳይዘጉ ይጠብቁ፤ ብዙዎቹ ጣቢያዎች አስተርጓሚ በመስመሩ ላይ ያስገባሉ።