ውሃው ፈላ፣ ቦሎቄው ግን አልበሰለም

ጅዳ ወይም ዱባይ ብዙ ዓመት ምግብ ስትሠራ የኖረች ሴት አዲስ አበባ ተመልሳ ቦሎቄ ስትጥድ ግራ ሊገባት ይችላል። እዚያ በለመደችው ሰዓት እዚህ አይበስልላትም። ውሃው ይንተከተካል፤ ከሰል ስትጨምር ይብስበታል፤ ቦሎቄው ግን እንደ ጠጠር ነው። ጥፋቱ የእህሉ ወይም የድስቱ ይመስላታል። ዋናው ምክንያት ግን የከተማዋ ከፍታ ነው።

ውሃ በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈላል ብለን ተምረናል። ይህ የሚሠራው በባሕር ጠረፍ ለሚገኙ እንደ ጅዳና ጅቡቲ ላሉ ከተሞች ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች ውሃ እዚህ 92 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ይፈላል። ድሬዳዋ 96 ገደማ፣ ራስ ዳሸን ጫፍ ላይ ደግሞ 85 ገደማ ነው። በግምት 300 ሜትር በወጣን ቁጥር አንድ ዲግሪ ይቀንስብናል። ከባሕር ወለል በታች ባለው በዳሎል ግን ከ100 በጥቂቱ ያልፋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ውሃ ሲሞቅ እንፋሎት ሆኖ ለመውጣት ይገፋል፤ ከላይ ያለው አየር ደግሞ በክብደቱ ይጫነዋል። የእንፋሎቱ ግፊት ከአየሩ ጋር ሲተካከል አረፋው ከድስቱ ሥር ተነሥቶ ይወጣል። መፍላት የምንለው ይህን ነው። ከፍታ ላይ ከበላያችን የሚቀረው አየር ያነሰ ነው፤ አዲስ አበባ ላይ ግፊቱ የባሕር ወለሉን ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ስለሆነ ውሃው ቶሎ ይፈላል። አንዴ ከፈላ በኋላ ደግሞ ክዳኑ በደንብ ባልታሸገ ድስት ውስጥ ሙቀቱ ከዚያ አይጨምርም። የምንጨምረው ከሰል ውሃውን ወደ እንፋሎት ለመለወጥ ብቻ ይውላል። ለዚህ ነው ከፈላ በኋላ እሳት ማብዛት ገንዘብ ማባከን የሚሆነው።

ስምንት ዲግሪ ምን ያህል ለውጥ ያመጣል ቢባል፣ ለቦሎቄ ብዙ ነው። የጥራጥሬ ሴሎች እርስ በርስ የተጣበቁት ፔክቲን በሚባል ንጥረ ነገር ሲሆን፣ መብሰል ማለት በዋናነት የዚህ ማጣበቂያ መላላት ነው። ይህ ሂደት ሙቀቱ በትንሹ ሲቀንስ እንኳ በጣም ይዘገያል። ቲማቲም ገና ከጅምሩ ሲጨመር ደግሞ አሲዱ ፔክቲኑን ስለሚያጠነክረው ነገሩ ይብሳል። ስለዚህ ቲማቲም የሚገባው ቦሎቄው ከለሰለሰ በኋላ ነው።

ቻርለስ ዳርዊን በ1835 የአንዲስን ተራራ ሲያቋርጥ ይኸው ገጥሞታል። ድንቹ ሌሊቱን ሙሉ እሳት ላይ አድሮ ጠዋት ዳግም ቢፈላም አልበሰለም። አብረውት የነበሩት ሁለቱ ሰዎች አዲሱን ድስት ወቀሱ፤ እሱ ግን ምክንያቱ የአየሩ መሳሳት መሆኑን ያውቅ ነበር።

መፍትሔው ከዚያ ከመቶ ሃምሳ ዓመት በፊት ተገኝቷል። ዴኒ ፓፓን የተባለ ፈረንሳዊ በ1679 ለንደን ውስጥ ክዳኑ አጥብቆ የሚዘጋ ወፍራም የብረት ድስት ሠራ። ዓላማው ጠንካራ አጥንትን እንኳ ማለስለስ ነበር። ታላቅ ሥራው የምለው ግን ድስቱን ሳይሆን ክዳኑ ላይ ያደረገውን ክብደት ነው። ግፊቱ ከመጠን ሲያልፍ እንፋሎቱ ክብደቱን አንሥቶ ይወጣል፤ ድስቱም ከመፈንዳት ይድናል። ዛሬ ቤታችን የሚያፏጨው የፕሬሸር ኩከር ክብደት የዚያ ሐሳብ ልጅ ነው።

ክዳኑን ገልብጠው ይመልከቱት። ዙሪያውን የከበበው ጎማ እንፋሎቱን ያግዳል፤ መሐል ላይ ያለችው ጠባብ ቀዳዳ ክብደቱ የሚቀመጥባት ናት። የተለመደው ዓይነት በባሕር ወለል ካለው የአየር ግፊት ጋር እኩል የሆነ ተጨማሪ ግፊት ይይዛል። አዲስ አበባ ላይ ያ ማለት በድስቱ ውስጥ 116 ዲግሪ ገደማ ማለት ነው፤ ከ92 ጋር ሲነጻጸር ሰፊ ልዩነት ነው። በባሕር ወለል ደግሞ 121 ይደርሳል። ሐኪም ቤቶች የቀዶ ሕክምና መሣሪያ የሚያመክኑበት አውቶክሌቭም በዚሁ መንገድ ይሠራል፤ በ1879 የሉዊ ፓስተር ረዳት ቻርለስ ሻምበርላን የሠራው ከፓፓን ድስት ተነሥቶ ነው።

ብዙ ሰው ይህን ዕቃ ይፈራዋል፤ ፍርሃቱም መሠረት አለው። ቦሎቄና ሽምብራ ሲፈሉ የሚያወጡት አረፋና የሚላቀቀው ቅርፊት ቀዳዳዋን ሊደፍን ይችላል። እንፋሎት መውጫ ካጣ ክብደቱ ትርጉም የለውም። ስለዚህ ጥራጥሬ ሲሆን ከድስቱ ግማሽ በላይ አይሙሉ። ከእሳት ካወረዱ በኋላ ግፊቱ ሙሉ በሙሉ እስኪወጣ ክዳኑን በኃይል ለመክፈት አይታገሉ። ጎማው ከደረቀ ወይም ከተሰነጠቀ ይቀይሩት። ከመጣድዎ በፊት ደግሞ ሁልጊዜ ክዳኑን ወደ ብርሃን አንሥተው በቀዳዳዋ ይመልከቱ፤ ብርሃን ካልታየዎት ሳያጸዱ አይጣዱ።