የካሪቢያን ባሕታዊ ሸርጣን አያያዝ

የካሪቢያን ባሕታዊ ሸርጣን (በሳይንሳዊ ስሙ ኮኤኖቢታ ክሊፔያተስ) በሞቃት የባሕር ዳርቻዎች በየብስ ላይ የሚኖር የሸርጣን ዓይነት ነው። ለስላሳ ሆዱን የሚሸሽገው የባሕር ቀንድ አውጣ ሞቶ ባዶ በቀረ ዛጎል ውስጥ ነው፤ በሄደበት ሁሉ ይህን ዛጎል ተሸክሞ ይዞራል። በተለይ በአሜሪካ እንደ ቤት እንስሳ በብዛት ይሸጣል። ብዙ ጊዜ ለጀማሪ የሚሆን፣ እንክብካቤ የማይፈልግ እንስሳ ነው ቢባልም፣ እርጥብ አየርና ጥልቅ አሸዋ ካላገኘ በሳምንታት ወይም በጥቂት ወራት ውስጥ ይሞታል። በአግባቡ ሲያዝ ግን ከ10 ዓመት በላይ ይቆያል፤ በሰው ቤት ከ30 ዓመት በላይ የኖሩም ይታወቃሉ።

ስያሜ

ባሕታዊ የተባለው በዋሻ ብቻውን እንደሚኖር መናኝ በዛጎሉ ውስጥ ተሸሽጎ ስለሚኖር ነው። የወገኑ ሳይንሳዊ ስም ግን ተቃራኒውን ይናገራል። ፈረንሳዊው የሥነ ሕይወት ሊቅ ፒየር አንድሬ ላትሬይ በ1829 እ.ኤ.አ. ለወገኑ ያወጣለት ኮኤኖቢታ የሚለው ስም፣ ከሌሎች ጋር በማኅበር የሚኖር መነኩሴ ማለት ነው። በኢትዮጵያ አነጋገር ባሕታዊ ሳይሆን የአንድነት ገዳም መነኩሴ እንደ ማለት ነው። ለእንስሳው ጠባይ ይበልጥ የሚስማማው ይህ ሁለተኛው ስም ነው፤ በዱር ብዙ ሆነው አብረው ሲሄዱ፣ አብረው ሲበሉና ተደራርበው ሲተኙ ይታያሉና።

የሚገኝበት አገርና ዘመዶቹ

ይህ ዝርያ በካሪቢያን ደሴቶች፣ በደቡብ ፍሎሪዳ፣ በቤርሙዳና እስከ ቬኔዝዌላ ባሉ የባሕር ዳርቻዎች ይገኛል። በዚያው ወገን ውስጥ ያለው ኮኤኖቢታ ስካይቮላ የተባለው ዝርያ ደግሞ በቀይ ባሕር ዳርቻ ይኖራል። በየብስ ላይ ከሚኖሩ ባለ መገጣጠሚያ እግር እንስሳት ሁሉ ትልቁ የሆነው የኮኮናት ሸርጣን የዚሁ አስተኔ አባል ነው።

አካል

ባሕታዊ ሸርጣን አሥር እግሮች አሉት። የፊተኞቹ ሁለቱ መቆንጠጫዎች ሲሆኑ፣ የግራው ትልቅና ወይን ጠጅ ቀለም ያለው ነው። አደጋ ሲመጣ ሸርጣኑ ወደ ዛጎሉ ይገባና በዚህ ትልቅ መቆንጠጫ አፉን እንደ በር ይዘጋዋል። ቀጣዮቹ አራት እግሮች ለመሄጃ ናቸው። የኋለኞቹ አራት ትንንሽ እግሮች በዛጎሉ ውስጥ ስለሚቀሩ ብዙውን ጊዜ አይታዩም፤ ከሥራቸው አንዱ ዛጎሉን ይዞ ማቆየት ነው።

የሚተነፍሰው እንደ ዓሣ በስንጥብ ነው። ሆኖም ስንጥቡ ከአየር ጋር የተላመደ ስለሆነ ለረጅም ሰዓት በውኃ ውስጥ ቢቆይ ሰምጦ ይሞታል። በሌላ በኩል ስንጥቡ ሁልጊዜ እርጥብ መሆን አለበት። ስለዚህ ሸርጣኑ በዛጎሉ ውስጥ ጥቂት ውኃ ይዞ ይዞራል፤ የሚኖረውም አየሩ እርጥብ በሆነበት ቦታ ነው። አየሩ ሲደርቅ ስንጥቡ ቀስ በቀስ ይደርቅና እንስሳው ታፍኖ ይሞታል። ይህ በአንድ ቀን ስለማይሆን ባለቤቱ ሸርጣኑ ዝም ያለ ወይም የተኛ ይመስለዋል። ከዚህ በታች የተጻፈው አያያዝ አብዛኛው ከዚህ የአተነፋፈስ ጠባይ የሚመነጭ ነው።

ማደሪያ

ተስማሚው ማደሪያ ክዳን ያለው የመስታወት ሣጥን ነው፤ ለዓሣ ማሳደጊያ የሚሸጠው ዓይነት ይበቃል። ለሁለት ትንንሽ ሸርጣኖች ቢያንስ 40 ሊትር ገደማ የሚይዝ ያስፈልጋል፤ ትልቅ ሲሆን ይመረጣል። ብዙ ጊዜ ከሸርጣኑ ጋር የሚሸጠው የሽቦ ጎጆ ግን እርጥበት ስለማይዝ አይሆንም። ክዳኑ በደንብ የሚገጥም መሆን አለበት፤ እርጥበቱን ያቆያል፣ ሸርጣኖቹም ጥሩ ወጪዎች ስለሆኑ እንዳያመልጡ ይከላከላል።

በሣጥኑ ውስጥ የሚወጡበት ቅርንጫፍና የሚሸሸጉበት ጥላ ይደረጋል። የሚነቁት በሌሊት ስለሆነ ቀንና ሌሊትን የሚለዩበት ብርሃን ይፈልጋሉ። ሣጥኑን ፀሐይ በቀጥታ በሚያርፍበት መስኮት ሥር ማስቀመጥ አደገኛ ነው፤ መስታወቱ ሙቀቱን ስለሚይዝ በአጭር ጊዜ ከልክ በላይ ይግላል።

ሙቀትና እርጥበት

የሣጥኑ ሙቀት ከ24 እስከ 29 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ የአየሩ እርጥበት ደግሞ ከ75 እስከ 85 በመቶ ሊሆን ይገባል። ይህን በግምት ማወቅ አይቻልም፤ ስለዚህ ቴርሞሜትርና የእርጥበት መለኪያ ከሸርጣኑ በፊት የሚገዙ ዕቃዎች ናቸው። መለኪያዎቹ ከክዳኑ ጋር ሳይሆን ሸርጣኖቹ በሚሄዱበት ከፍታ፣ ከአሸዋው ጥቂት ከፍ ብለው ይደረጋሉ።

ቤቱ ቀዝቃዛ ከሆነ በመስታወት ላይ የሚለጠፍ ጠፍጣፋ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ይጠቅማል። የሚለጠፈው በሣጥኑ ጀርባ ወይም ጎን ከአሸዋው በላይ ነው። ከሥር ከተደረገ አሸዋውን ያደርቃል፤ በጥልቀት የተቀበረ ሸርጣንንም ሊያቃጥል ይችላል። በክረምት የቤት ማሞቂያ በሚበራባቸው አገሮች የክፍሉ አየር በጣም ስለሚደርቅ፣ በበጋ የተስተካከለ ሣጥን በክረምት ዳግመኛ መለካት አለበት።

እርጥበቱ ሲያንስ መጀመሪያ የሚታየው ክዳኑ ነው፤ አየር የሚያስወጣው ክፍተት በፕላስቲክ ወይም በመስታወት ሲጠብ እርጥበቱ ይመለሳል። በየሰዓቱ ውኃ መርጨት ዘላቂ መፍትሔ አይደለም፤ ውኃው ወደ ታች ወርዶ አሸዋውን ያጨቀየዋል።

አሸዋ

በሣጥኑ ግርጌ የሚነጠፈው አምስት እጅ የታጠበ ንጹሕ አሸዋና አንድ እጅ የኮኮናት ቃጫ ድብልቅ ነው። ድብልቁ ክሎሪን በሌለው ውኃ ይርሳል። ልኩ በእጅ ሲጨበጥ ቅርጹን የሚይዝ፣ ውኃ ግን የማያንጠባጥብ ሲሆን ነው። ጥልቀቱ ቢያንስ 15 ሴንቲሜትር፣ ለትልልቆቹ ደግሞ የትልቁን ሸርጣን ቁመት ሦስት እጥፍ መሆን አለበት።

ጠጠር ብቻውን አይሆንም፤ ሸርጣኑ ዋሻ ሲቆፍርበት ይናዳል። የጥድና የዝግባ እንጨት ሰጋቱራም ለእንስሳው ጎጂ ሽታና ዘይት ስላለው አይነጠፍም። ከካልሲየም የተሠራው አሸዋ ሲርስ ተጋግሮ ስለሚደርቅ አይመከርም።

ውኃ

ሁለት የውኃ ዕቃዎች ያስፈልጋሉ፤ አንዱ ለጨው አልባ፣ ሌላው ለጨዋማ ውኃ። ሸርጣኑ ከሁለቱም እየወሰደ በዛጎሉ ውስጥ ያለውን ውኃ ያስተካክላል። ዕቃዎቹ ሸርጣኑን የሚያጠልቁ ይሁኑ፤ ነገር ግን በቀላሉ የሚወጣበት ድንጋይ ወይም መወጣጫ ይደረግባቸው።

ጨዋማው ውኃ የሚዘጋጀው ለባሕር ዓሣ ማሳደጊያ በሚሸጥ ጨው ሲሆን፣ ለአንድ ሊትር 35 ግራም ገደማ ይበቃል። የወጥ ጨው በባሕር ውኃ ያሉትን ሌሎች ማዕድናት ስለማይዝና አዮዲን ወይም ሌላ ነገር ስለሚጨመርበት አይተካውም።

የቧንቧ ውኃ ክሎሪን ስላለው በቀጥታ አይሰጥም። አንድ ቀን ተከፍቶ ከዋለ ክሎሪኑ ይተናል፤ ነገር ግን በአንዳንድ ከተሞች በክሎሪን ፈንታ የሚጨመረው ክሎራሚን በዚህ መንገድ አይወጣም። ስለዚህ በዓሣ መሸጫ የሚገኘውን የውኃ ማጣሪያ ጠብታ መጠቀም የተሻለ ነው።

ምግብ

ባሕታዊ ሸርጣን ያገኘውን የሚበላ እንስሳ ነው። በዱር የወደቀ ፍሬ፣ ቅጠል፣ የበሰበሰ እንጨትና ባሕሩ የተፋውን የሞተ ዓሣ ይበላል። በቤትም ሙዝ፣ ማንጎ፣ ፓፓያ፣ ካሮት፣ ቅጠላ ቅጠል፣ ዓሣ፣ የደረቀ ሽሪምፕና የባሕር አረም ይሰጠዋል። ምግቡ ጨው፣ ዘይትና ቅመም ያልነካው መሆን አለበት። ጠንካራ ቆዳውን ለመሥራት ካልሲየም ስለሚፈልግ፣ ታጥቦ ደርቆ የተፈጨ የእንቁላል ቅርፊት ከሣጥኑ ባይጠፋ መልካም ነው። ምግብ የሚቀርበው ወደ ማታ ነው፤ የተረፈው በማግስቱ ይወገዳል፣ አለዚያ ይሻግታል።

ዛጎል

ሸርጣኑ ሲያድግ ዛጎሉ አብሮት አያድግም፤ ስለዚህ ሌላ መፈለግ ግዴታው ነው። ለእያንዳንዱ ሸርጣን ከሦስት እስከ አምስት የሚሆኑ፣ አሁን ካለው እኩልና ጥቂት ከፍ ያሉ ዛጎሎች በሣጥኑ ይቀመጣሉ። የካሪቢያኑ ዝርያ የሚመርጠው አፉ ክብ የሆነውን ነው። ቀለም የተቀባ ዛጎል መስጠት አይገባም፤ ቀለሙ ሲላጥ ሸርጣኖቹ ይበሉታል።

የሚስማማ ዛጎል ሲታጣ አንዱ ሌላውን ከዛጎሉ አስወጥቶ ሊቀማ ይሞክራል፤ በዚህ ጠብ አንዳንዴ ይገዳደላሉ። በዱር ግን አንድ ባዶ ዛጎል ሲገኝ ሸርጣኖቹ በቁመት ተሰልፈው፣ ትልቁ አዲሱን ሲለብስ ተከታዩ የእሱን አሮጌ እየለበሰ እስከ ትንሹ ድረስ ሲቀያየሩ ይታያሉ። የዛጎል እጥረት ምን ያህል ከባድ እንደሆነ በቤርሙዳ ታይቷል። ሸርጣኖቹ የሚለብሱት ሲታሪየም ፒካ የተባለው ትልቅ ቀንድ አውጣ ከዚያ ጠፍቶ ስለነበር፣ ትልልቆቹ ከመሬት የሚወጡ የጥንት ዛጎል ቅሪቶችን ይለብሱ ነበር። ቀንድ አውጣው በ1982 እ.ኤ.አ. እንደገና ወደ ደሴቱ ተመልሷል።

ቆዳ መቀየር

እንደ ሸርጣኖች ሁሉ ባሕታዊ ሸርጣንም ለማደግ አሮጌውን ጠንካራ ቆዳ ጥሎ አዲስ ያወጣል። ከመቀየሩ በፊት ብዙ ይበላል፣ ይጠጣል፣ ይቆፍራል፣ እንቅስቃሴውም ይቀንሳል። ከዚያ በአሸዋው ውስጥ ዋሻ ሠርቶ ይቀበራል። አዲሱ ቆዳ በመጀመሪያ ለስላሳ ስለሆነ እስኪጠነክር ድረስ እዚያው ይቆያል፤ የጣለውንም አሮጌ ቆዳ ይበላዋል፤ ካልሲየሙን መልሶ የሚያገኘው በዚህ ነው። ቀድሞ እግር ጎድሎት ከነበረ ደግሞ አብሮ ይበቅልለታል።

ይህ ለትንንሾቹ ጥቂት ሳምንታት፣ ለትልልቆቹ ሁለት ወርና ከዚያ በላይ ይፈጃል። በዚህ ጊዜ ሸርጣኑን ቆፍሮ ማውጣት ብዙውን ጊዜ መግደል ነው። ዋሻው ይናድበታል፣ ለስላሳ አካሉም ይጎዳል። ስለዚህ ሸርጣን ለወራት ጠፋ ተብሎ አሸዋ አይገለበጥም፤ ሣጥኑን ሙሉ በሙሉ ማጠብም የሚቻለው ሁሉም ሸርጣኖች ከላይ ሲሆኑ ብቻ ነው።

አንዳንዱ ሳይቀበር ከአሸዋው በላይ ቆዳውን ይቀይራል። ያኔ ሳይነሳ ባለበት ቦታ፣ ታቹ የተቆረጠ የፕላስቲክ ጠርሙስ ወደ አሸዋው ተሰክቶ ከሌሎቹ ይከለላል፤ አየር እንዲያገኝ የጠርሙሱ አፍ ክፍት ይተዋል።

ጀማሪዎች የተጣለ ቆዳ አይተው ሸርጣኑ ሞቷል ብለው የሚጥሉበት ጊዜ አለ። የተጣለ ቆዳ ውስጡ ባዶና ቀላል ነው፤ አይሸትም። የሞተ ሸርጣን ግን እንደ በሰበሰ ዓሣ ኃይለኛ ሽታ አለው። ሽታ ከሌለ ምንም ሳይነኩ መጠበቅ ይመረጣል።

ከሰው ጋር ያለው ግንኙነት

ሸርጣን ሲያዝ ከዛጎሉ ከኋላ ተይዞ በተዘረጋ መዳፍ ላይ፣ ወደ መሬት ዝቅ ብሎ ነው። ከከፍታ ቢወድቅ ሊሞት ይችላል። በፍርሃት ከቆነጠጠ መጎተት አይገባም፤ እጅን ከነሸርጣኑ ለብ ባለ ውኃ ውስጥ ጥቂት ማቆየት ብዙውን ጊዜ ያስለቅቀዋል። ሸርጣንን ከዛጎሉ ስቦ ለማውጣት መሞከር ፈጽሞ አይቻልም፤ ከመልቀቅ ይልቅ አካሉ ይበጠሳል።

ሣጥኑ ባለበት ክፍል ፍሊት ወይም ሌላ የነፍሳት መግደያ አይረጭም። ሸርጣን ለነፍሳት የቅርብ ዘመድ ስለሆነ ትንኝን የሚገድለው እሱንም ይገድለዋል።

አመጣጡና የገዢው ኃላፊነት

እንስቷ እንቁላሎቿን የምትለቀው በባሕር ውስጥ ነው። ጫጩቶቹ በባሕር እየዋኙ ብዙ ጊዜ ቅርጻቸውን ከለወጡ በኋላ ትንሽ ዛጎል ለብሰው ወደ የብስ ይወጣሉ። ይህን በሣጥን ውስጥ መድገም እጅግ አስቸጋሪ ስለሆነ፣ ጥቂቶች ቢሳካላቸውም በገበያ የሚሸጡት ሸርጣኖች ከሞላ ጎደል ሁሉም ከዱር የተለቀሙ ናቸው። ገዢ እጅ እስኪደርሱ ድረስ በደረቅ አየር ተጉዘው ስለሚዳከሙ፣ ብዙዎቹ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይሞታሉ።

ስለዚህ ማሳደግ የሚፈልግ ሰው ሣጥኑን፣ አሸዋውን፣ ውኃውንና መለኪያዎቹን ቀድሞ አዘጋጅቶ፣ ሙቀቱና እርጥበቱ ለጥቂት ቀናት ሳይለዋወጥ መቆየቱን አይቶ ሸርጣኖቹን ቢያመጣ ይመረጣል። ባለቤቱ ማሳደግ ያልቻለውን ሸርጣን ለሌላ አሳዳጊ መስጠት ከአዲስ ግዢም ያድናል። ከተፈጥሮ አገሩ ውጪ ሜዳ ላይ መልቀቅ ግን ነፃ ማውጣት አይደለም፤ ባሕርና እርጥብ አየር በሌለበት በጥቂት ጊዜ ውስጥ ይሞታል።