በቀይ ቀበሮ አገር ብስክሌት መንዳት

ከጎባ ወደ ደሎ መና የሚወስደው መንገድ የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክን አቋርጦ ያልፋል። ዳገቱ ሲያልቅ የሳነቴ አምባ ይከፈታል፤ ከ4000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የተዘረጋ፣ ጅብራ እዚህም እዚያም የቆመበት፣ ኩሬ የበዛበት ገላጣ ሜዳ ነው። ከሜዳው ላይ 4377 ሜትር ከፍታ ያለው ቱሉ ዲምቱ ይታያል፤ በደቡብ በኩል ደግሞ መንገዱ በአስታው መሃል እየተጠማዘዘ ወደ ሐረና ደን ይወርዳል። የተራራ ብስክሌት ለሚወድ ሰው ከዚህ የተሻለ ቦታ በአገራችን ማግኘት ይከብዳል። እኔም ሰዎች እዚያ ሄደው ብስክሌት ቢነዱ ደስ ከሚላቸው ነኝ፤ ቦታውን በዓይኑ ያየ ሰው ይቆረቆርለታልና። ነገር ግን አምባው ባለቤት አለው።

በዓለም ላይ ለመራባት የደረሱ ቀይ ቀበሮዎች 500 ገደማ ብቻ ናቸው። ከኢትዮጵያ ተራሮች ውጭ የትም አይገኙም፤ ከግማሽ የሚበልጡት ደግሞ ባሌ ውስጥ ናቸው። ቀበሮው የሚኖረው በመንጋ ቢሆንም የሚያድነው ለብቻው፣ ያውም በቀን ብርሃን ነው። ምግቡ አይጥና ፍልፈል ነው። በባሌ ብቻ የሚገኘው ትልቁ ፍልፈል አብዛኛውን ዕድሜውን ከመሬት በታች ያሳልፋል፤ በቀን ለጥቂት ጊዜ ብቻ ብቅ ብሎ በጉድጓዱ ዙሪያ ያለውን ሣር ይለቅማል። ቀበሮው ይህችን ሰዓት ነው የሚጠብቃት። ጆሮውን አቁሞ፣ በሆዱ እየተሳበ ሲጠጋ ብስክሌት በአጠገቡ ቢያልፍ ፍልፈሉ ወዲያው ይገባል፤ ቀበሮውም ልፋቱ ከንቱ ይቀራል። ቀበሮው ስላልሸሸ ብቻ ብስክሌተኛው «ምንም አልረበሽኩትም» ብሎ ያልፋል። ጉዳቱን ለማየት የሚያስቸግረው ለዚህ ነው።

በእግር መሄድ ይሻላል ወይስ በብስክሌት የሚለው ክርክር የቆየ ነው፤ የተጠኑ ነገሮችም አሉ። አሜሪካ ውስጥ በዩታ ግዛት፣ አንቴሎፕ በተባለች ደሴት ላይ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ ጥናት፣ የዱር እንስሳቱ ከእግረኛም ሆነ ከብስክሌተኛ በተመሳሳይ መልኩ እንደሚሸሹ አሳይቷል። ከመንገዱ 100 ሜትር ባልራቀ ቦታ ላይ ያለ እንስሳ የመሸሽ ዕድሉ 70 በመቶ ነበር። በዚያው ግዛት በካንየንላንድስ ፓርክ በዱር በጎች ላይ የተደረገውና እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣው ጥናት ደግሞ ብዙዎችን አስገርሟል። በጎቹ ከእግረኛ ጋር ሲገናኙ በ61 በመቶው፣ ከመኪና ጋር በ17 በመቶው፣ ከብስክሌት ጋር ግን በ6 በመቶው ብቻ ነበር የሸሹት። ምክንያቱ የብስክሌቱ ደግነት አልነበረም። መኪናውና ብስክሌቱ ከመንገዳቸው አይወጡም፤ እግረኛው ግን ባልታሰበ አቅጣጫ ብቅ ይላል፣ አንዳንዴም በቀጥታ ወደ በጎቹ ይሄዳል። በኦሬገን ደን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ ኤልክ የሚባለው ትልቅ አጋዘን ከእግረኛ ይልቅ ብስክሌተኛን አብልጦ እንደሚርቅ አሳይቷል። ስለዚህ ብስክሌቱ በራሱ ጻድቅም ኃጥእም አይደለም። ዋናው ነገር እንስሳው ሰውየው የት እንደሚያልፍ አስቀድሞ ማወቅ መቻሉ ነው።

ከዚህ የሚመጣው የመጀመሪያው ደንብ ቀላል ነው፦ በሳነቴ ላይ ከመንገድና ከታወቀ የበቅሎ ዱካ አይውጡ። ሜዳው ባዶ ይመስላል እንጂ ከሥሩ በጉድጓድ የተፈለፈለ ነው። ለፎቶ ተብሎ የሚታጠፍ አንድ ብስክሌት የአይጥ ዋሻ ከማፍረሱም በላይ ለተከታዩ ሰው አዲስ ዱካ ይተዋል።

ሁለተኛው ፍጥነት ነው። ብስክሌት ድምፅ የለውም፤ ቁልቁለት ላይ ደግሞ ይከንፋል። እ.ኤ.አ. በ2016 በአሜሪካ ሞንታና ግዛት፣ በግሌሸር ፓርክ አቅራቢያ፣ በጠባብ የደን መንገድ ሲነዳ የነበረ ሰው ኩርባ ላይ ከግሪዝሊ ድብ ጋር ተጋጭቶ ሕይወቱን አጥቷል። በፍጥነት በሚነዳ ሰውና በድቡ መካከል አንዳቸው ሌላውን አይተው የሚርቁበት ጊዜ አልነበረም። ቀይ ቀበሮ ሰውን አይተናኮልም፤ ነገር ግን በአስታው መሃል በሚወርደው መንገድ ላይ ከደጋ አጋዘን፣ ከከብትና ከእረኛ ልጆች ጋር ድንገት ፊት ለፊት መገናኘት አለ። ዓይን በሚደርስበት ርቀት ውስጥ ፍሬን ይዞ መቆም በሚያስችል ፍጥነት መውረድ፣ ኩርባ ላይ ደወል መደወል በቂ ነው። ገላጣው ሜዳ ላይ ግን ጩኸት አያስፈልግም። ቀበሮ መንገድ ዳር ካዩ ቆመው ይጠብቁ፤ እንዲያልፍ መንገዱን ይልቀቁለት።

ከሁሉ የሚከብደው ወቅቱ ነው። ለብስክሌት የሚመቸው በጋ፣ መሬቱ ሲደርቅና ሰማዩ ሲጠራ፣ ቀበሮዎቹም የሚወልዱበት ጊዜ ነው። ግልገሎቹ የሚወለዱት ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ገደማ ባለው ጊዜ ነው። በአንድ መንጋ ውስጥ የምትወልደው አብዛኛውን ጊዜ አንዲት እናት ስትሆን ሌሎቹ ምግብ እያመጡ፣ ዋሻውን እየጠበቁ ያግዟታል። እናቲቱ ከተረበሸች ግልገሎቿን ተሸክማ ወደ ሌላ ዋሻ ትሄዳለች፤ ይህ በብርዱና በንስሮቹ መሃል ትንሽ ነገር አይደለም። ዋሻ የት እንዳለ የሚያውቁት የፓርኩ ጠባቂዎችና የአካባቢው አስጎብኚዎች ናቸው። ስለዚህ ወደ አምባው ከመውጣት በፊት ዲንሾ በሚገኘው የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ጠይቆ፣ አስጎብኚ ይዞ መሄድ ይገባል። «ዘንድሮ በዚያ በኩል አትሂዱ» ከተባለም መንገድ መቀየር ነው። የጎህና የማታ ሰዓትንም መተው ይሻላል፤ መንጋው ተሰብስቦ ድንበሩን የሚቃኘው ያኔ ነው።

ክረምት ላይ ጨርሶ ባይወጡ ይመረጣል። በረጠበ አፈር ላይ ጎማ የሚቆፍረው ቦይ የዝናቡን ውኃ ይሰበስባል፤ ውኃው ደግሞ አፈሩን ይዞ ይወርዳል። በዚያ ብርድ የተጎዳ ሣር ቶሎ አያገግምም።

ውሻ አስከትሎ መምጣትን በተመለከተ ግን ምንም ማለሳለሻ የለኝም፤ አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ላይ ከውሾች የተላለፈ የእብድ ውሻ በሽታ በባሌ የሚታወቁትን አብዛኞቹን ቀበሮዎች ጨርሷል፤ ከዚያ በኋላም ደጋግሞ ተመልሷል። ውሻዬ የተከተበ ነው ማለትም አይበቃም፤ ዲስቴምፐር የሚባለው ሌላው የውሻ በሽታም ቀበሮዎቹን ገድሏል። የምግብ ትርፍራፊ መጣልም ለአካባቢው ውሾች ወደ አምባው መጥሪያ ነው።

ጉዞው ሲያልቅ ብስክሌቱን ከምንጭና ከኩሬ ርቀው ይጠቡት፣ በደንብም ያድርቁት። በብዙ አገሮች እንቁራሪቶችን የፈጀው የቆዳ ፈንገስ በእርጥብ ጭቃ ሊጓዝ ይችላል፤ ሲደርቅ ግን ይሞታል። ሐረና ደግሞ ሌላ ቦታ የማይገኙ እንቁራሪቶች ያሉበት ደን ነው። በመንገድ ላይ የሞተ ወይም የሚንገዳገድ ቀበሮ ካጋጠመዎት አይንኩት፤ ቦታውንና ሰዓቱን ይዘው በዚያው ቀን ለፓርኩ ጠባቂዎች ያሳውቁ። ለቀበሮዎቹ የሚሰጠው ክትባት ወደ ቀሩት መንጋዎች በጊዜ የሚደርሰው ወሬው ፈጥኖ ከደረሰ ነው።