የበርበሬው ጉዞና የድንበር ፍተሻ ዋጋ

በጎጃም፣ በቡሬ፣ በጃቢ ጠህናንና በፍኖተ ሰላም ዙሪያ በርበሬ የማዳበሪያ ዕዳ የሚከፈልበትና ልጅ የሚዳርበት ሰብል ነው። ዛላው ከጥቅምት ጀምሮ እየቀላ ሲመጣ ይለቀምና አብዛኛው በደጅ፣ ባዶ መሬት ላይ ይሰጣል፤ ሌሊት ጤዛ ያገኘዋል። ገዢው አንዱን ዛላ አንስቶ ጆሮው አጠገብ ይነቀንቃል፤ ፍሬው ከተንኮሻኮሸ ደርቋል ማለት ነው። ደረቅ ዛላ ግን ሲጫን ይሰባበራል፣ ሚዛንም አይደፋም። ስለዚህ በየመሐሉ ውሃ የሚረጭ አይጠፋም። እርጥቡ ዛላ በጆንያ ተጠቅጥቆ ሲከርም ይሻግታል፤ ሻጋታው የሚያመነጨው አፍላቶክሲን ደግሞ ቢፈጭም ቢበስልም በቀላሉ የማይጠፋ፣ ለጉበት ካንሰር የሚያጋልጥ መርዝ ነው።

የአውሮፓ ኅብረት በአንድ ኪሎ በርበሬ ውስጥ የሚፈቅደው አፍላቶክሲን ቢ1 5 ማይክሮግራም፣ የአራቱም የአፍላቶክሲን ዓይነቶች ድምር ደግሞ 10 ማይክሮግራም ነው። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2019 የወጣው ደንብ ቁጥር 2019/1793 ከኢትዮጵያ የሚሄደውን በርበሬ፣ ዝንጅብል፣ እርድና ሌላ ቅመም በጥብቅ ከሚፈተሹት ምግቦች ጎራ አስገባው፤ ከሚደርሱት ጭነቶች ግማሹ እንዲመረመር ታዘዘ። ሰሊጣችንም በሳልሞኔላ ሰበብ በዚሁ ደንብ 50 በመቶ ፍተሻ ተጣለበት።

ወጪው የሚጀምረው አገር ቤት ነው። ላኪው የላቦራቶሪ ውጤትና የምስክር ወረቀት ይዞ መነሳት አለበት። ወደቡ ላይ ናሙና ከተወሰደበት ውጤቱ እስኪወጣ የመጋዘን ኪራይ ይከፍላል፤ ካልቀናው ጭነቱ ይመለሳል ወይም ይወገዳል። ለምርመራው የሚከፈለው ገንዘብ ጭነቱ ስላነሰ አይቀንስም። ብሪታንያ እ.ኤ.አ. ከሚያዝያ 30 ቀን 2024 ጀምሮ በዶቨርና በባሕር ሰርጡ ዋሻ በሚገቡ መካከለኛና ከፍተኛ ስጋት አላቸው በተባሉ የእንስሳትና የዕፅዋት ምርቶች ላይ በዓይነት 29 ፓውንድ፣ በአንድ ጭነት ቢበዛ 145 ፓውንድ ማስከፈል ስትጀምር አምርረው የጮኹት ትንንሾቹ አስመጪዎች ነበሩ። ለሙሉ መኪና ይህ ከቁጥር አይገባም፤ ጥቂት ካርቶን ለሚያስመጣ ግን ትርፉን ይበላዋል። በለንደን ወይም በፍራንክፈርት የሐበሻ ሱቅ ከፍቶ በርበሬና ሽሮ የሚሸጥ ወገናችን ከዚሁ ወገን ነው።

ይህ ሁሉ ወጪ ወደ ኋላ እየተንከባለለ ይመጣል። ላኪው ከሰብሳቢው መግዣ ላይ ይቀንሳል፣ ሰብሳቢው ከገበሬው። በሸራ ላይ አድርቆ ማታ ማታ የሸፈነውና ውሃ የረጨው በአንድ ዋጋ ይሸጣሉ። እኔን ከሁሉ በላይ የሚያንገበግበኝ ይህ ነው። ፍተሻው ራሱ ተገቢ ነው፤ ያንኑ በርበሬ እኛም፣ ልጆቻችንም በየቀኑ እንበላዋለን።

ከውጭ በሚገባው ምርት በኩልም ሸክሙ ያው ነው። የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ከውጭ የሚመጣ ምግብ ደኅንነቱ እንዲረጋገጥ ያዛል። ዘይቱም ሩዙም በአብዛኛው በጅቡቲ ስለሚመጣ አንዲት ወረቀት ስትጎድል ነጋዴው ዲመሬጅ የሚለው የኮንቴይነር ማቆያ ክፍያ በየቀኑ ይቆጥራል፤ የሚከፈለውም በውጭ ምንዛሪ ነው። መጨረሻ ላይ የሚሸፍነው መራዊ ላይ ዘይት በሊትር የሚገዛው ሰው ነው።

ድንበር ሳይሻገርም ኬላ አለ። በ2015 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ጤፍ ሲወደድ ጭነት መኪኖች በየመንገዱ መታገዳቸው ከምክንያቶቹ አንዱ ነበር፤ ከዚያ ወዲህም በአማራ ክልል የተነሳው ግጭት የጎጃምን መንገድ ደጋግሞ ዘግቶታል። መንገድ ላይ የከረመ እርጥብ በርበሬ ደግሞ ሻጋታውን ይዞ ነው ላቦራቶሪ የሚደርሰው።

ላኪዎችና ኅብረት ሥራ ማኅበራት ከሚዛኑ አጠገብ የእርጥበት መለኪያ ቢያስቀምጡ፣ እርጥበቱ 10 በመቶ ገደማ ለሆነ በርበሬም በኪሎ የተወሰነ ብር ቢጨምሩ ከወደብ ከሚመለስ አንድ ኮንቴይነር ያነሰ ይፈጃል። ገበሬው ሸራ የሚገዛው ያ ጭማሪ እጁ ሲገባ ነው።